ሐንስ ክርስቲያን ግራም፦ ስሙ ከላቦራቶሪ ያልወጣው ሐኪም

አክታ፣ ሽንት ወይም ደም ሰጥታችሁ የካልቸር ውጤት ተቀብላችሁ የምታውቁ «ግራም ፖዘቲቭ» ወይም «ግራም ኔጋቲቭ» የሚል ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙ ሰው የሚመስለው የሚዛኑ ግራም ነው። አይደለም፣ የሰው ስም ነው። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1853 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ተወለደ። መጀመሪያ ልቡን የሳበው ሕክምና ሳይሆን የዕፅዋት ጥናት ነበር፤ ማይክሮስኮፕም የለመደው እዚያው ነው። በ1878 በሕክምና ተመረቀ፣ በ1883 ደግሞ ወደ በርሊን አቀና።

በርሊን ያኔ የባክቴሪያ ጥናት መናኸሪያ ናት። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን እዚያው ከተማ ካስታወቀ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ግራም የገባው ግን ካርል ፍሪድሌንደር የሚባል ሐኪም ዘንድ፣ የከተማው ሆስፒታል አስከሬን መመርመሪያ ክፍል ነው። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ በስሱ እየቆረጡ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቀለም ሲደረግበት ባክቴሪያውም የሳንባው ሥጋም አንድ ላይ ይቀልማሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ግራም ወይን ጠጅ ቀለም አደረገበት፣ አዮዲን ጨመረ፣ ከዚያ በአልኮል አጠበው። ሥጋው ቀለሙን ለቀቀ፣ ባክቴሪያው ግን እንደያዘ ቀረ። ይሄንኑ በ1884 አሳተመ።

ታዲያ ሁሉም ባክቴሪያ አልያዘለትም። የታይፎይዱን የመሳሰሉት ከሥጋው ጋር አብረው ቀለማቸውን ይለቁ ነበር። ግራም ይህን አልደበቀም፤ ዘዴው ገና ጎዶሎ እንደሆነ፣ ግን በሌሎች ተመራማሪዎች እጅም ጠቃሚ ሆኖ እንደሚገኝ ተስፋ እንደሚያደርግ በዚያው ጽሑፉ ላይ አስቀመጠ። አዲስ ነገር ያገኘ ሰው እንዲህ ሲል ብዙም አንሰማም! በኋላ የመጡ ሰዎች የለቀቁትን የሚያሳይ ሁለተኛ ቀለም፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ ጨመሩበት። እሱ እንደ ጉድለት ያየው ነገር የዘዴው ዋና ጥቅም ሆነና ባክቴሪያዎች በሁለት ተከፈሉ። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ወይን ጠጁን ይይዛል፣ ቀጭኑ ይለቃል። ሐኪሙም የትኛውን አንቲባዮቲክ መጀመር እንዳለበት በደቂቃዎች ውስጥ ፍንጭ ያገኛል።

ግራም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1891 የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1901 እስከ 1921 የዴንማርክን የመድኃኒት መዝገብ ኮሚሽን ሲመራ ጊዜ ያለፈባቸውን መድኃኒቶች ከመዝገቡ አስወጥቷል። ይሄን ሥራውን የሚያነሳለት ሰው ጥቂት ነው። በ1923 ጡረታ ወጣ፣ በ1938 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ጎዶሎ ነው ያለው ዘዴ እስከ ዛሬ በጣም የሚቸገርበት አንድ ቦታ አለ፦ የሆድ ውሃ። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። ያ ውሃ በባክቴሪያ ከተበከለ ሰውየው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። (እንዲህ ያለ ታማሚ ቤታችሁ ካለ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም መቀባዠር ሲጀምረው ለነገ አትበሉ።) ሐኪሞች ውሃውን በመርፌ ቀድተው ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያስቆጥራሉ፤ በአንድ ኩቢክ ሚሊ ሜትር 250 ከደረሱ ሌላ ውጤት ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። የቱ ባክቴሪያ ነው ለሚለው ግን የግራም ቀለም ብዙም አይረዳም። ውሃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ስለሆነ ስላይዱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ካልቸርም ብዙ ጊዜ ምንም አያበቅልም፤ ውሃው እዚያው አልጋው አጠገብ በደም ካልቸር ጠርሙስ ሲገባ ይሻላል።

የዘረመል ንባብ፣ ማለትም ሲኩዌንሲንግ፣ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ባክቴሪያ ሁሉ 16ኤስ የሚባል፣ 1,500 ያህል ፊደላት ያሉት ዘረመል አለው። አጻጻፉ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ልክ እንደ መታወቂያ ነው። ከሆድ ውሃው ይህን ዘረመል አባዝቶ ማንበብ ከተቻለ ባክቴሪያውን ማብቀል ሳያስፈልግ ስሙ ይታወቃል።

ግን እሱም ጎዶሎ አለው። የሞተ ባክቴሪያም ያነባል። ከቆዳ ወይም ከመመርመሪያው ኬሚካል የገባ ባዕድ ባክቴሪያም በውጤቱ ሊወጣ ይችላል። 16ኤስ ብቻውን ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይናገርም፤ ለዚያ ካልቸር ወይም ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ማሽኑም ርካሽ አይደለም። ለዚህ ነው ሲኩዌንሲንግ ባለበት ሆስፒታል እንኳ ካልቸር ያልቀረው። ማሽኑ አንብቦ «ኢ. ኮላይ» ብሎ ሲያወጣም፣ ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ በቅድሚያ የሚያስበው ግራም ኔጋቲቭ መሆኑን ነው።