የሙታን ፎቶ አንሺ
ዊሊያም ሙምለር የቦስተን ጌጣጌጥ ቀራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ለትርፍ ጊዜው ራሱን ፎቶ አንስቶ ሲያጥበው ከጎኑ የደበዘዘች ልጅ አየ። ከ12 ዓመት በፊት የሞተችው የአጎቱ ልጅ ናት ተባለ።

ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው። አንዴ የተነሳበት መስታወት በደንብ ሳይጸዳ ሌላ ሰው ቢነሳበት የፊተኛው ምስል እንደ ጥላ ብቅ ይላል።

ጊዜው ግን ከ600 ሺህ በላይ ወታደር የሞተበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ልጅ የሞተባት፣ ባል የቀረባት ሁሉ ወደ ሙምለር ጎረፈች። እሱም እስከ 10 ዶላር ይቀበል ጀመር። ኋላ ላይ መንፈስ ከተባሉት አንዳንዶቹ እዚያው ቦስተን በሕይወት ተገኙና ጉድ ፈላ!

ኒው ዮርክ ሄዶም በ1869 በማጭበርበር ተከሰሰ። ታዋቂው የትርኢት ሰው ፒ. ቲ. ባርነም ከሟቹ ፕሬዚዳንት ሊንከን መንፈስ ጋር የተነሳ የሚመስል ፎቶ አሠርቶ መሰከረበት። ደንበኞቹ በበኩላቸው የሞተባቸውን ዘመድ በፎቶው እንዳዩ መሰከሩለት። ዐቃቤ ሕግ የማታለያ ዘዴውን ማስረዳት ስላልቻለ ዳኛው ለቀቁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥቁር የለበሰች ሴት በሌላ ሰው ስም መጥታ ተነሳች። የሊንከን ባለቤት ሜሪ ነበረች። በፎቶው ላይ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል። ሙምለር ማንነቷን እንደማያውቅ ቢናገርም፣ የሊንከንን መልክ የማያውቅ አሜሪካዊ አልነበረም።

ሙምለር ማታለሉን ሳያምን በ1884 ሞተ። ሐዘንተኛ ዓይን በደበዘዘ ጥላ ውስጥ የራሱን ሰው ለማግኘት ብዙ አይቸገርም፤ የሙምለርም እንጀራ ይኸው ነበር።