አል-ራዚ፡- ፈንጣጣን ከኩፍኝ የለየው ሙስሊም ሐኪም



የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በቅርቡ የጎረቤታችንን ልጅ ኩፍኝ ይዞት ልንጠይቀው ስንገባ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ በጨለማ ተኝቶ አገኘነው። ሴት አያቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መርፌ እንደማይነካውና ሲያልፍለት ይበልጥ እንደሚጠነክር ነገሩን። ከዚያ ቤት ስወጣ፣ ስለዚሁ በሽታ ከሺህ ዓመት በፊት የጻፈውን ሰው አስታወስኩ።

አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (865 እ.ኤ.አ.) ዛሬ ቴህራን ካለችበት አጠገብ በምትገኘው በረይ ከተማ ተወለደ። ሕክምናን የያዘው ዘግይቶ ሲሆን፣ አስቀድሞ በኪሚያ ተጠምዶ ነበር። ኋላ የረይንና የባግዳድን ሆስፒታሎች መርቷል። በፍልስፍና አመለካከቱ ዑለማዎች አጥብቀው ተችተውታል፤ በሕክምናው ግን ተቺዎቹም መስክረውለታል።

ኢብኑ ነዲም እንዳቆየልን፣ ራዚ ሲቀመጥ ደረሶቹ ዙሪያውን ይከቡታል፤ ከእነሱ ውጪ ደግሞ የደረሶቹ ደረሶች ይቀመጣሉ። በሽተኛ መጀመሪያ የሚያገኘው የውጪዎቹን ነው። ካቃታቸው ወደ ውስጠኞቹ ያልፋል፤ እነሱንም ካቃታቸው ራዚ ራሱ ይናገራል። ለድሆችም እጅግ ቸር ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ያኖረው መከላከያም ይህንኑ ጉባኤ ይመስላል። በውጪ ቆዳ አለ። ያንን ያለፈ ተሕዋስ ያገኙትን ባዕድ ሁሉ የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገጥሙታል። ይህም ካልበቃ እያንዳንዱን ጠላት በመልኩ የሚለዩ ሕዋሳት ይነሳሉ። ከድል በኋላ ከፊሎቹ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ያው ጠላት ቢመለስ ወዲያው ያውቁታል።

ራዚ እነዚህን ሕዋሳት የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ሥራቸውን ግን አስተውሏል። ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ በጻፈው ኪታብ ሁለቱን በሽታዎች በምልክታቸው ለየ። ፈንጣጣ የወጣለት ሰው ለምን ዳግም እንደማይያዝም መረመረ። የልጅ ደም እንደ ወይን ጭማቂ አንዴ ከተብላላ በኋላ እንደሚረጋ ገመተ። ግምቱ ስህተት ነበር፤ ያስተዋለው ነገር ግን እውነት ነበር።

በዚያው ኪታብ ኩፍኝ ከፈንጣጣ ይልቅ እንደሚያስፈራ አስጠንቅቋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ኩፍኝ እነዚያኑ የሚያስታውሱ ሕዋሳት እንደሚያጠፋ አሳይተዋል። ልጁ ዳግም ኩፍኝ አይዘው ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን ሌሎቹን ጠላቶች ይረሳል፣ ለወራትም ለዓመታትም ለሌላ በሽታ ይጋለጣል። ጠነከረ ያልነው ልጅ ደክሞ ነው የሚነሳው።

ክትባት ጠላትን አዳክሞ ለሰውነት ያስተዋውቃል። ፈንጣጣ የጠፋው በክትባት ነው፤ በሀገራችን የመጨረሻው ታማሚ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነበር። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። የታመመ ልጅም ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋልና በጨለማ ከመደበቅ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ራዚ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ጠፍቶ በ313 ዓመተ ሂጅራ (925 እ.ኤ.አ.) በረይ ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን አስተምረውናል፤ ሰበብ ማድረስም ከተወኩል ጋር አይጣላም።

የጎረቤታችን ልጅ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ታናሽ እህቱ ግን 9 ወር ሊሞላት ነው። ይህን ጽሑፍ ለአያቷ አነብላቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።