ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከዋንጫው ይልቅ ደንቡን ያስቀደሙ አሰልጣኝ

ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር ከተማ ልዩ ዕለት ነው። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ፣ ችቦ ተለኩሶና ሙልሙል ታድሎ ይከበራል። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፋርጣ መንደሮች ድረስ ሕፃናት ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ወጣቶችም በቡድን ሆነው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። በ1979 ዓ.ም. ግን ይኸው ዕለት ለኢትዮጵያ እግር ኳስ አፍቃሪዎች የሐዘን ቀን ሆኖ ዋለ። ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ65 ዓመታቸው ያረፉት በዚህ ዕለት ነበር።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱትም በበዓል ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ፣ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል የሚጠቀሱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በሌላ መድረክ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ታዳጊ ነበሩ። ወቅቱ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን የወረረበት ከመሆኑም በላይ፣ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ወደቀች። የወረራው አስተዳደር በሥራም፣ በመኖሪያም፣ በመዝናኛም ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ሥርዓት ዘረጋ። የኳስ ሜዳም ከዚህ አላመለጠም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩት ይድነቃቸው የዘር መድሎን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ አገራቸው በዐይናቸው አይተው ነው። ይህ የወጣትነት ልምድ በኋለኛው ዘመናቸው ለያዙት የማይናወጥ አቋም መነሻ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከነጻነት በኋላ በዋና ከተማዋ የነበረው እግር ኳስ መልኩን መለወጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የኢጣሊያውያን፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ሲሳተፉ፣ ኢትዮጵያውያንን ወክሎ የቀረበው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ደጋፊው ቡድኑን የሚያየው እንደ አንድ ሰፈር ክለብ ብቻ ሳይሆን እንደ አገር ክብር መለኪያ ጭምር ነበር። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ክለብ ማሊያ ከሃያ ዓመታት በላይ የተጫወቱ ሲሆን፣ በ1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ፣ ጋር አድርጋ 5 ለ 0 ስታሸንፍም የብሔራዊ ቡድኑ ተሰላፊ ነበሩ።

በተጫዋችነት ላይ ሳሉ የአስተዳደሩን ሥራም ጎን ለጎን ይዘውት ነበር። በዚህም ምክንያት በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በካርቱም ተገናኝተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ አገራቸውን ወክለው ከተገኙት አንዱ ሆኑ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲካሄድ የተወሰነ ሲሆን፣ በወጣው ዕጣ መሠረት ኢትዮጵያ የምትገጥመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ይሁን እንጂ የደቡብ አፍሪካው ተወካይ የሚመጣው ቡድን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሚገኙበት እንጂ ቅልቅል ሊሆን እንደማይችል አስታወቀ። የተቀሩት ሦስት አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ገና በመወለድ ላይ ያለ ማኅበር ከአራት አባላቱ አንዱን ማጣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ተሰረዘች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ቀርባ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመታት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑ ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ ክለቦች የተውጣጡ ተጫዋቾችን ያቀፈ ሲሆን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያ 2 ለ 0 ስትመራ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው እንደነበር አያጠራጥርም። ቡድኑ ግን ተረጋግቶ አራት ግቦችን በማስቆጠር 4 ለ 2 አሸነፈ።

የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል በተከበረ ማግስት ሰሞን ተካሄደ። ተጋጣሚዋ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውና በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተለይም ጨዋታው ሊጠናቀቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት የተቆጠረው ግብ ስታዲየሙን በደስታ አናወጠው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ድረስ ያነሣችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው።

ደጋፊው አቶ ይድነቃቸውን በዋነኛነት የሚያስታውሳቸው በዚህ ቀን ነው። ይሁንና እርሳቸው ከሜዳው ጠርዝ ተነሥተው ወደ ስብሰባ አዳራሽ ባመሩበት ዘመን ያከናወኑት ሥራ ከዋንጫው ያልተናነሰ፣ ምናልባትም የበለጠ ዕድሜ ያለው ነው።

ለ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋር እንደገና እንዲጋጠም ተወሰነ። የአፍሪካ አገሮች ውሳኔውን በመቃወም ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ጋናዊው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ከንቅናቄው መሪዎች መካከል ነበሩ። ርምጃው አንድ ትውልድ ተጫዋቾችን ከዓለም መድረክ ያስቀረ ዋጋ ነበረው። ውጤቱ ግን ብዙም አልዘገየም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አፍሪካ የመጀመሪያውን የተረጋገጠ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሳተፈች። በ1982 ቦታው ሁለት፣ በ1998 አምስት ደረሰ። በ2026 ደግሞ ቀጥተኛ ቦታው ወደ ዘጠኝ ከፍ ብሏል።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚሁ ኃላፊነት ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመታት ቆይተዋል። በእነዚህ ዓመታት በአገራቸው የመንግሥት ለውጥ ቢካሄድም እርሳቸው ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተካሄደው በእርሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ሲሆን፣ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ናት። አስተናጋጇ አገር የፕሬዚዳንቱ አገር መሆኗ ለቡድኗ የተለየ ጥቅም አላስገኘላትም።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ የያዙት አቋምም በካርቱም ከተያዘው ፈቀቅ አላለም። የአፓርታይድ ደጋፊዎች ጉዳዩ የስፖርት ሳይሆን የፖለቲካ ነው በማለት ሲከራከሩ፣ እርሳቸው ዘርን መሠረት አድርጎ ተጫዋች የሚለይ ፌዴሬሽን ራሱ የስፖርቱን ደንብ የጣሰ መሆኑን በየጉባዔው አጥብቀው አስረዱ። ፊፋ አስቀድሞ አግዶት የነበረውን የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ባካሄደው ጉባዔ ከአባልነት አባረረው።

አቶ ይድነቃቸው የዚህን ትግል ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም። ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ቤተሰብ የተመለሰችው እርሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ1996 የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች አብረው በተሰለፉበት ቡድን አሸናፊ ሆነች። በ2010ም የዓለም ዋንጫን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጀች።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለ31 ዓመታት ከራቀበት የአፍሪካ ዋንጫ በ2005 ዓ.ም. ሲመለስ ውድድሩ የተካሄደው በዚችው በደቡብ አፍሪካ ነበር። ቡድኑ በመጀመሪያ ግጥሚያው ከወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ፣ በስታዲየሙ በብዛት የተገኙት ኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሰው ዘመሩ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሳይካሄድ የቀረውን ግጥሚያ ያሰበ ሰው፣ ደጋፊው በነጻነት የተቀመጠበት ያ ወንበር በምን ዓይነት ውሳኔ እንደተገኘ ይገነዘባል።

ቡሄ በመጣ ቁጥር በደቡብ ጎንደር ደጋማ መንደሮች ችቦው ይበራል፤ ልጆችም ክረምቱ ባረሰረሰው መስክ ላይ የጨርቅ ኳሳቸውን ያንከባልላሉ። አብዛኞቹ የአቶ ይድነቃቸውን ስም ላይሰሙ ይችላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ነገ አድጎ በአህጉርም ሆነ በዓለም መድረክ ቢሰለፍ ግን፣ በቀለሙ ሳይሆን በችሎታው እንዲመዘን የሚያደርገውን ደንብ በአፍሪካ ካጸኑት ሰዎች አንዱ በዚሁ በዓል ቀን ያረፉት አሰልጣኝ ናቸው።