የዶክቶር ቡሪል ክሮን ሕይወትና ሥራ

የከተማችን የደብረ ሲና ስም ትርጉሙ የሲና ተራራ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማም በዚሁ ተራራ ስም የሚጠራ፥ ማውንት ሳይናይ የተባለ ታላቅ ሆስፒታል አለ። ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የምናቀርበው በዚያ ሆስፒታል ረዥም ዘመን ያገለገሉትን የዶክቶር ቡሪል ክሮንን ታሪክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክቶር ክሮን በ1884 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው 12 ልጆች ነበሯቸው። አባታቸውን የምግብ አለመፈጨት ሕመም ያሠቃያቸው ስለ ነበር፥ ሕክምና ለመማር ያሰቡት ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል። በ1907 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ተማሪ ሳሉ ያደረጉት ምርምር ለከፍተኛ ዲግሪ የሚያበቃ ሆኖ ሳለ፥ ለዲፕሎማው የሚከፈለውን ገንዘብ አባታቸውን መጠየቅ ስለ ከበዳቸው ሳይቀበሉት ቀሩ። ከዚያም ወደ ማውንት ሳይናይ ገብተው የሆድ ዕቃ በሽታ ሐኪም ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞችን የሚያስቸግር አንድ ነገር ነበረ። ይኸውም ብዙዎቹ ወጣት የሆኑ በሽተኞች በሆድ ቁርጠት፥ በተቅማጥና በትኩሳት እየከሱ ይመጣሉ። ሆዳቸው በኦፕራሲዮን ሲከፈት የትንሹ አንጀት መጨረሻ አብጦና ደንድኖ፥ መተላለፊያውም ጠብቦ ይገኛል። ብዙ ጊዜም በሽታው የአንጀት ቲቢ ወይም ካንሰር ነው ተብሎ ይገመት ነበር። በ1913 ዓ.ም. ዳልዚል የተባሉ የስኮትላንድ ቀዳጅ ሐኪም ስለዚህ ሕመም ቢጽፉም፥ ጽሑፋቸውን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበረ።

በማውንት ሳይናይ ዶክቶር በርግ የተባሉ ቀዳጅ ሐኪም የታመመውን አንጀት እየቆረጡ ያወጡ ነበር። ዶክቶር ጊንዝበርግና ዶክቶር ኦፐንሃይመር ደግሞ የወጣውን አንጀት መረመሩ። ዶክቶር ክሮንም የራሳቸውን በሽተኞች ታሪክ ጨመሩ። በ14 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት የቲቢ ጀርምም ካንሰርም አልተገኘም። ስለዚህ ሕመሙ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን በ1932 ዓ.ም. ጽፈው አስታወቁ። ዶክቶር በርግ ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ጋር እንዲገባ አልፈለጉም። የሦስቱ ስም በፊደል ተራ ሲጻፍ ክሮን የሚለው ቀደመ፤ በሽታውም በዚያ ስም ተጠራ። ዶክቶር ክሮን ራሳቸው ግን በስማቸው መጠራቱን አልወደዱትም።

ከዚህም አስቀድሞ በ1925 ዓ.ም. ከዶክቶር ሮዘንበርግ ጋር ሆነው፥ ትልቁ አንጀት ለብዙ ዘመን ሲቆጣና ሲቆስል ካንሰር ሊበቅልበት እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕመም ለረዥም ጊዜ ያለባቸው ሰዎች አንጀታቸው በየጊዜው በመሣሪያ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ ካንሰር ገና ሳይስፋፋ ከተገኘ በኦፕራሲዮን ሊድን ይችላልና። የክሮን በሽታ ግን የታመመው አንጀት ተቆርጦ ቢወጣም ተመልሶ የመነሣት ጠባይ አለው። ስለዚህ ቀዳጅ ሐኪሞች የግድ የሆነውን ብቻ ቆርጠው ሌላውን አንጀት ለማትረፍ ይጥራሉ።

በሽታን ከበሽታ መለየት በእኛም አገር ከባድ ሥራ ነው። የአንጀት ቲቢና የክሮን በሽታ እጅግ ይመሳሰላሉ። ቲቢ በመድኃኒቱ ይድናል፤ ነገር ግን ለክሮን በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያደክሙ፥ ቲቢ ላለበት ሰው በስሕተት ቢሰጡ ቲቢው ሊስፋፋበት ይችላል። እንግዲህ የበሽታን ስም በትክክል ማወቅ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ተቅማጥ ለሳምንታት ሳይተው የቀረበት ወይም ከሰገራው ጋር ደም የሚያይ ሰውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቢሄድ ይበጀዋል።

ዶክቶር ክሮን በ1983 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እኛ ተማሪዎች ከታሪካቸው የምንማረው፥ ዕውቀት በአንድ ሰው ብቻ እንደማይገኝ ነው። አንዱ ቆረጠ፥ ሌሎቹ መረመሩ፥ ሌላው የበሽተኞቹን ታሪክ መዘገበ። ሁሉም ያዩትን ከገመቱት ለይተው ስለ ጻፉ፥ ከእነርሱ በኋላ የመጣ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን በተሻለ ዓይን ለማየት በቃ።