ጂሚ ሄንድሪክስ፦ ከደፈረሰ ድምፅ የጠራ ዜማ ያወጣው ጊታር ተጫዋች

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ጊታር ተጫዋቹን ጂሚ ሄንድሪክስን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው መድረክ ላይ ጊታሩን ሲያቃጥል በሚያሳየው ፎቶግራፍ ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ጆሮውና ስለ ጣቶቹ እናወራለን። ድምፅን ሆን ብሎ በሚያሻክር ፔዳል እየተጫወተ ዜማው እንዴት ጠርቶ ይሰማ እንደነበር እንመለከታለን።

ጂሚ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ1958 እናቱ ሞተችበት። በዚያው ጊዜ ገደማ በ5 ዶላር የተገዛች አሮጌ ጊታር እጁ ገባች። ግራኝ ስለነበረ፣ በኋላም ቢሆን ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን እንደገና አስሮ ነበር የሚጫወተው። በ1961 ወታደር ሆኖ በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር አገለገለ፤ በ1962 ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ለእነ ሊትል ሪቻርድና ለአይዝሊ ብራዘርስ አጃቢ ሆኖ ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። በሴፕቴምበር 1966 ቻስ ቻንድለር የተባለ ሙዚቀኛ ወደ ለንደን ወሰደው። ከጀርባ ቆሞ የኖረው ልጅ እዚያ የራሱን ቡድን ይዞ ፊት ወጣ።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ፈዝ ፌስ የተባለ ክብ ፔዳል ለገበያ ቀረበ። በውስጡ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ በላዩ ሁለት ማዞሪያዎች ብቻ ነበሩት። ሥራው ከጊታሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከልክ በላይ አጉልቶ ከላይና ከታች መቁረጥ ነው። በዚህም ድምፁ ይሻክራል፤ አንዱ ኖታም ቶሎ ሳይጠፋ ረዝሞ ይቆያል። አንድ ክር ብቻ ሲመታ ያምራል። ብዙ ክሮች አንድ ላይ ሲመቱ ግን ድምፆቹ ይቀላቀሉና እንደ ደፈረሰ ውሃ ይሆናሉ።

ጂሚ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ፔዳሉ እንደበራ፣ ጊታሩ ላይ ያለውን የቮልዩም ማዞሪያ በጣቱ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ወደ ፔዳሉ የሚገባው ሞገድ ሲቀንስ የሚቆረጠውም ይቀንሳል፤ ሻካራው ድምፅ ይለሰልሳል፣ የክሩ ምት ለብቻው ይሰማል። ዋናውን ዜማ ሊጫወት ሲል ማዞሪያውን መልሶ ይከፍተዋል። ስትራቶካስተር ጊታሩም ቀጭንና ብሩህ ድምፅ ስላለው ረድቶታል። ሮጀር ሜየር የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ደግሞ ኦክታቪያ የተባለ ሌላ ፔዳል ሠርቶለት በ1967 በወጣው «ፐርፕል ሄዝ» ላይ ተጠቅሞበታል። ኦክታቪያ ለእያንዳንዱ ኖታ ከላይ ሌላ ቀጭን ድምፅ ስለሚጨምርለት ሶሎው ከከበሮውና ከቤዙ በላይ ወጥቶ ይሰማል።

ይህ ጥበብ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የታየው ኦገስት 18 ቀን 1969፣ ሰኞ ጠዋት፣ በውድስቶክ ነው። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ላይ ነበረች። ጂሚ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ተጫወተ። በመሐል ጊታሩ እንደሚወድቅ ቦምብ ጮኸ፣ እንደ ሰው አለቀሰ፤ ከዚያም ወደ ዜማው ተመለሰ። መዝሙሩ ጠርቶ ባይሰማ ኖሮ ጩኸቱ ተራ ጫጫታ ሆኖ በቀረ ነበር። ሰሚው የሚያውቀውን መዝሙር ስለለየ ግን የቀድሞው ወታደር ስለየትኛው ጦርነት እንደሚናገር ገባው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በ27 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። በራሱ ስም ሙዚቃ ያወጣው ለአራት ዓመታት ያህል ብቻ ነበር።

ከመካከላችን ጊታር የሚለማመዱ አሉ። ፈዝ ፔዳል ካላችሁ በቅድሚያ ከጊታሩ ጋር በቀጥታ አገናኙት፤ ሌሎቹ ፔዳሎች ከእሱ በኋላ ይምጡ። የፈዙን መጠን እስከ መጨረሻ አትክፈቱ። አንድ ዜማ ምረጡና በአንድ በአንድ ክር እየመታችሁ የጊታሩን ቮልዩም ቀስ እያላችሁ ዝቅና ከፍ አድርጉ። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ እዚያው ላይ ተለማመዱ።