አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ፦ በንጉሠ ነገሥቱና በቅድስት መንበር መካከል የቆሙ ካህን

ስለ ነገሥታትና ስለ ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ጠብና ዕርቅ ሲነሣ፥ በ1077 በካኖሳ በረዶ ላይ ቆሞ ይቅርታ የለመነውን የጀርመኑን ንጉሥ ሄንሪ አራተኛን እናስታውሳለን። በእኛ ሀገር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የቆየውን መለያየት ለማስታረቅ የደከሙት ሰው የሰይፍ ሳይሆን የትዕግሥት ሰው ነበሩ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።)

አባ ጴጥሮስ በ1564 በእስጳንያ ተወለዱ። በ1582 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ፤ ከዚያም ወደ ጎዋ ተላኩ። ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ በዐረብ ባሕር ዳርቻ ተያዙና ከአባ አንቶኒዮ ሞንሰራት ጋር በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። በጀልባ መቅዘፍንም ቀመሱ። በ1596 በቤዛ ከተለቀቁ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አገሩ ይመለስ ነበር፤ እርሳቸው ግን በ1603 ምጽዋ ወርደው በዐድዋ አጠገብ ወዳለችው ፍሬምና ወጡ። በዚያም አማርኛና ግእዝ ተማሩ፥ ሕፃናትንም አስተማሩ።

በ1604 ዐፄ ዘድንግል ጠሯቸው። ንጉሡ በትምህርታቸው ተማርከው ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤ ጻፉ፤ የሰንበተ ቅዳሜን አከባበርም በዐዋጅ ሊሽሩ ተነሡ። አባ ጴጥሮስ እንዳይቸኩሉ መከሩ፤ አልተሰሙም። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ከንጉሡ መሐላ ፈቱ፥ ራስ ዘሥላሴም ዐመፁ፤ ንጉሡ በዚያው ዓመት በጦር ሜዳ ወደቁ። እኛ ከአባታችን ሥራ ሁሉ ይህን ያልተሰማ ምክር አብልጠን እናደንቃለን።

በ1607 ዐፄ ሱስንዮስ ሲነግሡ አባ ጴጥሮስ ወዳጃቸው ሆኑ። በጎርጎራ ለንጉሡ የድንጋይ ቤት ሠሩ፤ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሲጓዙ የዐባይን ምንጭ በግሼ ዐባይ አዩ። በዚሁ ወዳጅነት መካከል የእኛን አካባቢ የሚነካ ነገር አለ። በ1613 ንጉሡ ደብዳቤያቸውን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትና ለእስጳንያ ንጉሥ እንዲያደርሱ፥ አባ አንቶኒዮ ፈርናንዴስንና ፍቁረ እግዚእን በደቡብ በኩል ወደ ማሊንዲ ላኩ። መልእክተኞቹ እናርያንና የምን አልፈው ከወላይታ በስተሰሜን እስካለችው ከምባታ ደረሱ፤ በሀላባ ገዥ ግን ተይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። ደብዳቤው በዚያ መንገድ ሮማ አልደረሰም። ዛሬ ከሶዶ ወደ ሀላባ በአውቶቡስ ስንጓዝ ይህን ማሰባችን አይቀርም።

በአባ ጴጥሮስ ዘመን ደም አልፈሰሰም አንልም። በ1617 የንጉሡ አማች ዩልዮስና ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በዚሁ የሃይማኖት ጠብ ሞተዋል። ሆኖም አባታችን ንጉሡን ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል ታግሠው አስተማሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ለእርሳቸው ተናዘዙ። አባ ጴጥሮስም ከዚያ ሲመለሱ በንዳድ ታመው በግንቦት ወር ጎርጎራ ላይ ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተለየ መንገድ ያዙ። ንጉሡ በየካቲት 1626 ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት መታዘዛቸውን በይፋ ማሉ፤ ሕዝቡ ግን ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም ክህነትን እንደገና እንዲቀበሉ ተጠየቀ። ይህ የእኛ ወገን ስሕተት ነበር፥ ልንሸሽገውም አይገባም። ያገሬው ሰው የአባቶቹ ጥምቀት ከንቱ ነው ሲባል እንዴት ዝም ይላል? ዐመፅ ተከተለ፥ ብዙ ሺህ ሰው ዐለቀ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፥ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ።

አባ ጴጥሮስ በመጨረሻ ዓመታቸው በፖርቱጋል ቋንቋ የጻፉት የኢትዮጵያ ታሪክ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሳይታተም ቆይቶ በ1905 እና በ1906 ሮማ ውስጥ ታተመ።