ወፍጮና ሰዓታት

የነሐሴ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምሽቶ እኩለ ሌሊት ላይ ጋብ ይላል። በዚያ ጸጥታ መሐል ከየደብሩ የድምፅ ማጉያ ቀስ ብሎ የሚመጣ ዜማ አለ። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ ካህናቱ ሌሊት ሌሊት የሚያደርሱት ሰዓታት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው፣ የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ቢሆን፣ ይህን ዜማ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ያማትባል፤ ሌላው ትራሱን ጆሮው ላይ ይደርባል። የድምፁ ነገር በሕግ ዓይን እንዴት ይታያል የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ሰዓታቱን ስለ ደረሰው ሰው ነው።

ወደ እርሱ የመለሰኝ ግን ዜማው ሳይሆን ሕመም ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪም የሦስት ሳምንት ዕረፍት አዘዘልኝና ቤት ዋልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በኖርኩበት ቤት የቡና ቆሎ የት እንደሚቀመጥ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አላውቅም ነበር። ለካስ በገዛ ቤቴ ተከራይ ኖሬያለሁ! ባለቤቴ አልወቀሰችኝም፤ ምጣዱንና ምድጃውን አሳይታኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ቡና መቁላት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን አሳረርኩት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ቆሎው ሲንጣጣ ድምፁን ለይቼ ምጣዱን ማውረድ ቻልኩ። ይህች ትንሽ ነገር የሰጠችኝን ደስታ በችሎት ከረታሁባቸው ቀናት በጥቂቶቹ ብቻ ነው ያገኘሁት። ታዲያ በዚያው ሰሞን አንድ በልጅነቴ የሰማሁት ስም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ።

የተወለድኩት ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም አካባቢ ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተሸራረፈ ይወርዳል። ይህ አገር ጥንት አምሐራ ይባል ከነበረው ግዛት የሚቆጠር ሲሆን፣ አባ ጊዮርጊስም የወጣው ከዚሁ ከቦረና ምድር፣ ሰግላ ከሚባለው ስፍራ ነው። የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይነገራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበር። በዛሬ አነጋገር ልጁ የቤተ መንግሥት ሰው ልጅ ነው፤ መንገዱ የተጠረገለት።

አባቱ ፊደል ካስቆጠረው በኋላ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወሰደው። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ገዳሙን ያቀናው አባ ኢየሱስ ሞዓ ነው፤ በዚያ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። የልጁ ነገር ግን አባቱ እንዳሰበው አልሆነም። ትምህርት አልገባው አለ። ለዓመታት የተነገረውን መያዝ አቃተው፤ ጓደኞቹም ተሳለቁበት። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ልጁን መልሰህ ውሰድ ሲባል አባቱ አሻፈረኝ አለ፤ አንዴ ለእግዚአብሔር የሰጠውን እንደማይመልስ፣ መማር ካልቻለም ገዳሙን ያገልግል ሲል ተወው። ልጁም ወደ ወፍጮ ቤት ገባ።

ይህችን ወፍጮ ቤት እንዲሁ አልፈን እንዳንሄድ እፈልጋለሁ። ሐይቅ ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ስለዚህ በሌላው ቤት ሁሉ ለእናት፣ ለልጃገረድና ለገረድ የሚተወው ሥራ እዚያ የወንድ ሥራ ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ዳቦ መጋገር፣ ከሁሉም የከፋው መፍጨት። ያቺ ድንጋይ ምን እንደምትመስል የማታውቁ ወጣቶች ካላችሁ ላስረዳ። የታችኛው ወፍጮ ሰፊና ወደ ፊት ያዘነበለ ድንጋይ ነው፤ በላዩ በሁለት እጅ የሚያዝ መጅ አለ። ፈጪዋ ተንበርክካ ወይም አጎንብሳ መጁን ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች። እህሉ መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይፈጫል፣ እስኪልም ድረስ። እናቴ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ገብስ ስትፈጭ የመጁ ድምፅ በእንቅልፌ ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ ያ ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። ለእናቴ ግን ወገቧ ነበር። የሞተር ወፍጮ ወደ ሰፈራችን የመጣ ቀን ጎረቤት ተጠራርቶ እልል ሲል ትዝ ይለኛል፤ ከእናቴ ይልቅ የጮኸ አልነበረም።

እንግዲህ የቤት ኑሮን ጣዕም የምናወራ ወንዶች ሁሉ ይህን ልንዘነጋ አይገባም። ሌላው የሚፈጨውን እየበሉ ስለ ዳቦ ሽታ ማውራት ይቀላል። አባ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የቤተ መንግሥቱ ካህን ልጅ መጁን የያዘው በገዛ እጁ ነው። አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ደጋግሞ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ያወቀው ብራና ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ገድሉ እንደ ተአምር ይነግረናል። ልጁ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ሲለምን ኖረ፤ እርሷም ተገልጣ ጽዋ አጠጣችው፤ አእምሮውም ተከፈተ። የሚያምን ይህን እንደ ተጻፈው ይቀበለዋል። የማያምነውም ቢሆን አንድ ነገር ሊክድ አይችልም፤ ደነዝ ተብሎ የተናቀው ልጅ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከታላላቆቹ ደራሲዎች አንዱ ሆኖ ወጥቷል። ትምህርት አልገባህም የተባለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ።

ዝናው በዐፄ ዳዊት (እ.ኤ.አ. 1382–1413) ቤተ መንግሥት ደረሰ። የነገሥታቱን ልጆች እንዳስተማረ፣ ከተማሪዎቹም አንዱ በኋላ የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆነ ይነገራል። ስሙን ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ጆሮ ያኖረው ሥራ ግን ሰዓታት ነው። ከእርሱ በፊት ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የመጣ የሰዓት ጸሎት ነበር። አባ ጊዮርጊስ የአገሩን ዜማና ቅኔ የሚሸት፣ የእኛ የምንለው ሰዓታት አዘጋጀ።

አሳቡ ቀላል ነው። ቀኑ በጸሎት ሰዓቶች ይከፈላል፤ ነግህ ሲነጋ፣ ሠለስት በሦስት ሰዓት፣ ቀትር በስድስት፣ ተሰዓት በዘጠኝ፣ ሠርክ ማምሻውን፣ ንዋም በመኝታ ጊዜ፣ መንፈቀ ሌሊት በእኩለ ሌሊት። እኛ የሕግ ሰዎች ይህን ሰባት ቁጥር በፍትሐ ነገሥቱም እናገኘዋለን። ሕጉ ግን ግዴታውን ይደነግጋል እንጂ እንዲወደድ ማድረግ አይችልም። መቼ እንደሚጸለይ ያልታወቀበት ዘመን አልነበረም፤ የጎደለው በዚያ ሰዓት ሰውን ከመኝታው የሚያስነሳ ውበት ነበር። የእጅ ሰዓት በሌለበት ዘመን ቀኑ በ60 ኬክሮስ ተከፍሎ ይሰላል፤ ጊዜ የጥላን ርዝመት በእግር በመስፈር ይታወቃል። እርሱም ለእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውን ቃልና ዜማ ሰጠው። ግዴታውን በጉጉት የሚጠበቅ አደረገው ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን የእርሱ ነው በምትለው በአርጋኖን ደግሞ ያንኑ አሳብ ከቀን ወደ ሳምንት አሰፋው። መጽሐፉ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ ሰኞ የራሱ ምስጋና አለው፣ ማክሰኞም የራሱ። ሰኞን የምንጠላ የቢሮ ሰዎች ሰኞም ምስጋና የተደረሰለት ቀን መሆኑን ብናስታውስ አይከፋም።

የዚያን ዘመን መጽሐፍ ደግሞ ራሱ የእጅ ሥራ ነው። ቆዳው፣ አብዛኛውን ጊዜ የፍየል፣ ተዘፍዝፎ በእንጨት ማዕዘን ላይ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይደርቃል፤ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። መቃው ተቀርጾ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ይወርዳል። የቸኮለ ሰው ብራናውን ይበሳዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሒል በዚህ ሥራ ላይ የተባለ ይመስላል።

የሆነ ሆኖ የሰውየው ሕይወት ጸጥ ያለ አልነበረም። ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ጉዳይ በንጉሡ ፊት ተከራክሮ ረታ፤ መርታቱም ዋጋ አስከፈለው። በክስና በነገር ሥራ ዐፄ ዳዊት አሰሩት። ትናንት የልጆቹ መምህር የነበረ ዛሬ እስረኛ ሆነ። የቤተ መንግሥት ፍቅር ምን ያህል እንደሚታመን በሙያዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና አያስደንቀኝም። ከእስር የወጣው ወራት ብቻ በነገሡት በዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊ (እ.ኤ.አ. 1413–1414) ጊዜ ነው። ሹመትን፣ ሞገስን፣ ነፃነትን ሁሉ ንጉሥ ሰጥቶ ንጉሥ ሊነሳ ይችላል። ሠርክ ግን ሲመሽ ይመጣል፤ እስር ቤትም ውስጥ ይመሻል። ቀኑን በራሱ ሥርዓት መከፋፈል የለመደ ሰው ሁሉን ቢነጠቅ ቀኑ ይቀርለታል።

በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ1416 ዓ.ም. ትልቁን ሥራውን መጽሐፈ ምሥጢርን ጨረሰ። የዘመኑን የሃይማኖት ክርክሮች በየተራ አንስቶ የሚመልስበት ከባድ መጽሐፍ ነው። ይህንን እንኳ በበዓላት ቀን በጉባኤ እንዲነበብ አድርጎ ነው ያዘጋጀው፤ ጥልቁን ነገር መልሶ ወደ ዓመቱ ዑደት አስገባው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም.፣ በስድሳ ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። መታሰቢያውም በዚሁ ቀን ይከበራል። በስሙ የሚጠራው የጋስጫ ገዳም እዚያው ቦረና ውስጥ አለ። በአለቱ የተፈለፈሉ ዋሻዎች አሉ፤ የአካባቢው ሰው አባ ጊዮርጊስ በእጁ እንደፈለፈላቸው ይናገራል። መጅ የለመደ እጅ መሮም ይለምዳል።

ይህ ሁሉ ለመነኩሴ እንጂ ሚስት፣ ልጆችና የባንክ ዕዳ ላለበት ሰው ምን ይረባል የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አባ ጊዮርጊስ የቤት ደስታን ሊያስተምረን አልተነሳም፤ የኖረውም ለሌላ ዓላማ ነው። ነገር ግን ከሕይወቱ ሁለት ነገር መውሰድ የሚከለክለን የለም። አንደኛው፣ ቀን በራሱ ደስ አያሰኝም፤ ስምና ሰዓት ሲሰጡት ግን የሚናፈቅ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ይህ ጣዕም የሚገኘው ሥራውን ራሱ ለሚሠራ ነው። ባለቤቱን ወፍጮው ሥር ትቶ እርሱ ሰዓታት የሚደርስ ሰው ዜማው ጎዶሎ ነው።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ መዝገቦቹም እንደ ድሮው ተቆልለው ጠብቀውኛል። ነገር ግን ነግህ ላይ፣ ማንም ሳይነሳ፣ ቡናውን የምቆላው እኔ ነኝ። ሠርክ ላይ ስልኬን ዘግቼ ሽንኩርት የምከትፈውም እኔ ነኝ፤ አከታተፌን ባለቤቴ ገና አላጸደቀችውም። እናቴ ብትኖርና ብታየኝ መሳቋ አይቀርም ነበር። በዚህ ነሐሴ ሌሊት ከእንቅልፋችሁ ብትነቁና ያ ዜማ ከሩቅ ቢሰማችሁ፣ ከሰዓታቱ በስተጀርባ የወፍጮ ድምፅ እንዳለ አስታውሱ።

ቸር ያሰማን።